ታማኙ ልጅ

አመተ ሥላሴ ባሏን ያስያዘውን ልጅ፣ ባሌን አስፈታልኝ ብላ ልትለምነው ከሞጣ ቢቸና መጣች። ያስያዘው እሱ መሆኑን አታውቅም። የመጣችው ጤፍ በጫነ መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው። ደብረ ወርቅ ዘመድ ቤት አድራ፣ ጎሕ ሲቀድ ተመልሳ ተሳፍራ፣ የያዘችው ገንቦ ማር እንዳይሰበርባት ጉልበቷ መሐል አጥብቃ አቅፋ፣ አቧራው ከነጠላዋ እስከ ቅንድቧ አልብሷት ገባች። ስትወርድ ረዳቱ ብር ከሃምሳ ተቀበላት። "ለጆንያው ስሙኒ፣ ለእኔ ብር ከሃምሳ!" አለችው። "ከጤፍ መወደዴን ዛሬ ገና አወቅሁ።" ረዳቱ ሳቀ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ገንቦዋን በጀርባዋ አዝላ፣ ሰው እየጠየቀች፣ ከገበያው በታች ወዳለው የፈንታነሽ ጠጅ ቤት ወረደች።

"ይርጋለም! ኧረ ይርጋለም!" ፈንታነሽ አከራዩ ናት፤ ከግቢው መሐል ቆማ ነው የምትጣራው። "ተነሣ እንጂ፣ እናትህ መጥታለች!"

እናትህ ማለቷ ስሕተት አይባልም። ይርጋለምን የወለደችው የአመተ ሥላሴ ታላቅ እህት ናት፤ እሷ ስትሞት ልጁ ገና ዳዴ አላለም ነበር። አመተ ሥላሴ ልጅ አልወጣላትም፤ እሱን አሳደገች። ባሏ አያ ወልደ ሰንበት የበቅሎ ንግዳቸው ቢቸና ስለሚያመላልሳቸው፣ ልጁን በኋላቸው አፈናጥጠው አምጥተው ትምህርት ቤት አስገቡት፤ ስምንተኛ ክፍልን እስኪጨርስም ስንቁን ራሳቸው እየጫኑ አመላለሱለት። አሁን ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው።

በሩን ሲከፍት ፊት ለፊቱ ቆማለች። ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ፤ እሷ ግን ቀና አድርጋ፣ ጉንጩን ግራና ቀኝ እያገላበጠች ሳመችው።

"ከሳህ" አለችው። "ምነው እንዲህ ከሳህ? ባሌ ቢታሰር አንተም ታሰርክ እንዴ?"

ክፍሏ ጠባብ ናት። በወር አራት ብር ይከፍልባታል። ግድግዳዋ ጭቃው እንዳይረግፍ በአሮጌ ጋዜጣ ተለብጧል፤ ከራስጌው በላይ ከቀን መቁጠሪያ የተቀደደ የንጉሡ ሥዕል አለ፤ አንድ የጠፍር አልጋ፣ አንድ ሣጥን፣ አንድ እግሯ የወለቀ ወንበር። ወንበሯ ሰው ስለማትችል አመተ ሥላሴ አልጋው ላይ ተቀመጠች። አያ ወልደ ሰንበት ያን ዕለት ማታ የተቀመጡት እዚያው፣ በዚያው በግርጌ በኩል ነበር። ይርጋለም ከዚያ ተነሽ ሊላት አሰበ፤ ምን ምክንያት ይሰጣታል? ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ።

"ሰማህ አይደል?"

"ሰማሁ፣ እታለም።"

"ታዲያ ምነው ሳትልክብኝ? ከበቅሎ ነጋዴ አፍ ልስማው?"

"ይፈታሉ ብዬ… ዛሬ ነገ ሲሉኝ…"

"አዎ" አለች፣ ራሷን እየነቀነቀች። "እኔን ላለማስደንገጥ ነው። አውቄዋለሁ፤ መንገድ ላይም ይኸንኑ ነው ያልኩት።" እሱ መጨረስ ያቃተውን ውሸት እሷ ጨረሰችለት።

ከዚያ ዓይኗ ምስማር ላይ ከተሰቀለው ካኪ ሸሚዝ አረፈ። ክንዱ ላይ አረንጓዴ ጥብጣብ ተሰፍቶበታል። ተነሥታ እጅጌውን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገችው፤ ጨርቁ ደኅና መሆኑን አየች፤ የጥብጣቡን ስፌት አየች። "ይቺ ናት የመንግሥት ልብስ? በል ልበሳት። እንዲህ ያለ ልብስ የሚለብስ ልጅ እያለኝ ደጅ ስጠና አልውልም።"

በዚያ ዘመን በአገሩ ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። መንግሥት አንድ ነው፣ ንጉሡም አንድ ናቸው። ሆኖም አዲሱ የእርሻ ግብር በታወጀ ጊዜ፣ ገበሬው መሬቴ ሊለካ፣ ርስቴ ሊቆረስ ነው ብሎ ሲያጉረመርም፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የሚባል ከረባት የማይፈታ ሰው ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ፊደል የቆጠሩትን የከተማውን ጎረምሶች ሰበሰበና "የወጣት ታማኞች ማኅበር" የሚል አቋቋመ። ካኪ ሸሚዝ ሰጣቸው። ሹም ሲመጣ መንገድ ዳር ተሰልፈው ይዘምራሉ፤ አደባባዩን ይጠርጋሉ፤ በገበያ ቀን ከበሮ ተመትቶ ሰው ሲሰበሰብ አዋጅ ያነባሉ። የሚያነበው ይርጋለም ነበር። በልጅነቱ ዜማ ቀምሶ ስለነበር ድምፁ ሩቅ ይሄዳል፣ ያምራልም። ግብሩ መንገድ ያመጣል፣ ሐኪም ቤት ያመጣል ብሎም ያምን ነበር፤ ከልቡ ያምን ነበር። ያን ነገር የተናገረው ግን ስላመነ አልነበረም።

አያ ወልደ ሰንበት ያን ማታ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው፣ ሸሚዙን አይተው ሳቅ ብለው፣ የያዙትን መልእክት ነገሩት። የሞጣ አገር ሽማግሌዎች በየደብሩ ተማምለዋል፤ መሬት ለኪ ከመጣ አናስገባም ብለዋል፤ እሳቸው ይህን ለቢቸና ሽማግሌዎች ሊያደርሱ ነው የመጡት። የነገሩት ልጃቸው ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። በማግስቱ ጠዋት በማኅበሩ ስብሰባ ኃይለ ጊዮርጊስ ተቆጣ። "ሸሚዝ ለብሳችሁ ከመዞር በቀር የአገሩን ነገር የሚያውቅ ከመሐላችሁ አንድ ሰው የለም ማለት ነው?" አለ። ሁሉም አቀረቀሩ። ይርጋለም ማቀርቀሩን ጠላው። የሚያውቅ ሰው መሆን አማረው፤ ነገሩ ይህችው ብቻ ነበረች። "ሞጣ ተማምለዋል" አለ። "ማን ነገረህ?" ሲባል ቀድሞ ምላሱ ላይ የነበረው ስም ወጣ። ኃይለ ጊዮርጊስ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። አያ ወልደ ሰንበትን ፀሐይ ሳይከርር ከበቅሏቸው ላይ አወረዷቸው።

ይርጋለም ሸሚዙን ለበሰ። ገንቦውን ተሸከመላት፤ ወጡ።

የገበያ ቀን ነበር። ከየአቅጣጫው አህያ እህል ጭኖ ይገባል፣ በግ ይጎተታል፣ ሸማኔዎች ጋቢያቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አመተ ሥላሴ ከጎኑ ከጎኑ ስትሄድ አንገቷን ቀና አድርጋለች፤ ከዚህ ልጅ ጋር መታየቷ ኩራት እንደሆነባት ከአረማመዷ ያስታውቃል። የጨው ዋጋ ጠየቀች፣ ከሞጣ መርከሱን አይታ ተገረመች፣ ስመለስ እገዛለሁ አለች። አንድ ሽማግሌ ከፊታቸው መጡ፤ ይርጋለም እጅ ነሣ፤ ሽማግሌው ዘንጋቸውን ወደ ሌላ እጃቸው አዛውረው፣ ፊታቸውን ወደ ከብት ተራው አዞሩ። ትንሽ አልፎ አንዲት ጌሾ ሻጭ ነበረች፤ ሁልጊዜ "የኔ ድምፀ መረዋ" የምትለው ሴት። እሷም ቁናዋን ማራገፍ ያዘች።

"ምነው፣ ሰላም አይሉህም እንዴ?" አለች አመተ ሥላሴ።

"ገበያ ነው፣ እታለም። ሰውን ሥራ ይይዘዋል።"

"ሞጣ ሰው ገበያም ውሎ ሰላምታ አይረሳ" አለችና ተወችው።

የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ቀድሞ መሸታ ቤት የነበረ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ አሁንም የአረቄ ሽታ ከመሬቱ ይወጣል። ኃይለ ጊዮርጊስ ጠረጴዛው ኋላ ተቀምጦ አገኙት። እሷን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ፤ ወንበር ሳበላት፤ ደኅና አደሩ አላት፣ መንገድ እንዴት ነበር አላት። ክፉ ሰው አይመስልም። ማሩን ሲያይ፣ "ይኸ እንኳ ባያስፈልግ" አለ፤ እያለም ዓይኑ የሚቀመጥበትን ይፈልጋል። ገንቦው ከጠረጴዛው ሥር፣ ከከበሮውና ከተጠቀለሉት ሰንደቅ ዓላማዎች አጠገብ ገባ።

"ልጅዎ" አላት፣ "ለመንግሥት ትልቅ ውለታ ውሏል። እንደሱ ያሉ አምስት ቢኖሩኝ ይኸ አገር እንዲህ ባልታመሰ። ለደብረ ማርቆስ ጽፌለታለሁ፤ ክረምት ሳይገባ ሥራ ይይዛል።"

"እኔ ነኝ ያሳደግሁት" አለች አመተ ሥላሴ። ፊቷ በራ። "ከኔና ከባሌ በቀር እናት አባት አያውቅም።"

ይርጋለም የጥብጣቡን ጫፍ በጥፍሩ ይፍቅ ጀመር።

ኃይለ ጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ ነገሩ ገባ። አያ ወልደ ሰንበት ተሳስተው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ገበያው ሲሞላ ይርጋለም አዋጁን ያነባል። አያ ወልደ ሰንበት ከአጠገቡ ቆመው "መሐላው ቀርቷል፣ ግብሩን ተቀበሉ" ይበሉ። ደግሞ ቢቸና ውስጥ መልእክቱ የተላከላቸውን ሽማግሌዎች ስም ለብቻቸው ይንገሩት። ይህን ካደረጉ ማታውኑ ተፈትተው ከሚስታቸው ጋር አገራቸው ይገባሉ። እንቢ ካሉ ነገ ጠዋት ደብረ ማርቆስ ይወርዳሉ፤ ከዚያ በኋላ እሱ የሚያውቀው ነገር አይኖርም።

"ልጅዎ ይምከራቸው" አለ። "ከልጅ የሚሻል መካሪ የለም።"

ከዚያ እስከ እስር ቤቱ ድረስ አመተ ሥላሴ የጨው ዋጋም አልጠየቀች፣ ሰላምታ የነፈገውንም አላየች። እሾህ አጥሩ ጋ ሲደርሱ ቆመች። ስንቅ የያዙ ሴቶች በተርታ ተቀምጠዋል።

"የሰው ልጅ አስይዤ ልውጣ አይልም" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "እኔም በል አልለውም። ግን ንገረው። ንገረው አላልኩህም፤ ግን ንገረው።"

ሸሚዙ አስገባው። ዘበኛው እሷን "እዚያው ሁኚ" ብሎ ለእሱ በሩን ከፈተለት። አያ ወልደ ሰንበት የቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። እግር ብረቱ እንዳይልጣቸው ከነጠላቸው ጫፍ ቀደው ቁርጭምጭሚታቸውን ጠቅልለዋል። ጺማቸው አድጎ፣ ከወትሮው ነጥቷል። ሲያዩት አልተነሡም፣ ፊታቸውንም አላዞሩም።

"ይኸ ወጣት ምንዎት ነው?" አላቸው ዘበኛው፣ ጨዋታ አምሮት።

"የቤቴ ልጅ ነው" አሉ። "ቢቸና በመጣሁ ቁጥር ደጅ እንዳላድር የሚያደርገኝ እሱ ነው።"

"የተባረከ ልጅ ነው" አለ ዘበኛውና ሄደ። እሱ የሰማው ማረፊያ የሚሰጣቸው መሆኑን ብቻ ነው። ይርጋለም ግን እስር ቤቱንም ሰማ። ጆሮው ጋለ። ቁጭ በል ስላላሉት ቆሞ፣ ኃይለ ጊዮርጊስ የላከውን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ልክ አዋጅ እንደሚያነብ አድርጎ ተናገረ። እሳቸው አላቋረጡትም።

"ጨረስክ?"

"አዎ።"

"ስማቸውን ብነግርህ ምን ታደርገዋለህ?"

"እኔ አይደለሁም የምጠይቀው፣ አያ…"

"አውቃለሁ። አንተ አትጠይቅም። ጠያቂም አያስፈልግህም።" ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "በዚያች ክፍል ከእኔና ከአንተ በቀር ሰው አልነበረም። ግድግዳዋ ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣ የኔን ወሬ አይጽፍም። ሲያወርዱኝ ነው ያወቅሁት። ከዚያ ወዲህ 'ሌላ ሰው ይሆን?' እያልኩ ስፈልግ ከረምኩ። ሰው ሁሉ ላይ ፈለግሁ። የማላውቀውን ሰው ሁሉ ጠረጠርኩልህ።"

ይርጋለም ጉልበቱ ላይ ወደቀ። እግራቸውን ሊይዝ እጁን ሲሰድ ብረቱን ነካ፤ ፀሐይ ስለመታው ይፋጃል። "ሳላስበው ነው" አለ። "ማርያምን፣ ሳላስበው ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

"አልልህም።" የቁርጭምጭሚታቸውን ጨርቅ አስተካከሉ። "ዛሬ አልልህም። ነገም እንጃ። ከአፌ አውጥቼ ልበልህ ብል እንኳ ከሆዴ አይወጣም፤ እንዲያ ያለው ይቅርታ ደግሞ ለማንም አይበጅ። ተነሣ፣ ሰው ያይሃል።"

ተነሣ። አፈሩን ከጉልበቱ አላራገፈም።

"አመተ ሥላሴ ታውቃለች?"

"አታውቅም።"

"እንዳትነግራት። ላንተ ብዬ አይደለም። እኔ ብቀር ከአንተ በቀር ማን አላት? ባሏንም ልጇንም ባንድ ቀን አትጣ።" ከዚያ ነገሩን ዘግተው ስለ ቤታቸው ያወሩ ጀመር፤ ቅድም የተባለው እንዳልተባለ። ግንቦት ገብቷል፤ በሬዎቹ ቆመዋል፤ የላይኛው ማሳ አንዴ እንኳ አልተገመሰም። ጎረቤት ቢለመን ለራሱም አይደርስለት። "ሂድና እረስላት" አሉ።

"እኔ ማረስ ረስቻለሁ፣ አያ።"

"በሬዎቹ አልረሱም።"

ዘበኛውን ለምነው፣ ሰንሰለታቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው እስከ አጥሩ ድረስ መጡ። አመተ ሥላሴ በእሾሁ ቀዳዳ በሶና ዳቦ፣ ንጹሕ ጋቢም አቀበለቻቸው፤ እሳቸው ያደፈውን ጋቢ መለሱላት። አልተላቀሱም። እሷ እግራቸውን አየች፣ እሳቸው ማየቷን አይተው ነጠላቸውን ዝቅ አደረጉ። ቤት ታማ የቀረችው ቦራ በቅሎ በላች ወይ ብለው ጠየቁ፤ በላች አለች። ጣራውን ከክረምት በፊት ክዳን ያስፈልገዋል አሉ፤ እሺ አለች። ከዚያ "ይርጋለም አብሮሽ ይሄዳል" አሏት። "ያርስልሻል። ተስማምተናል።"

"ሥራውስ? ክረምት ሳይገባ ደብረ ማርቆስ…"

"ተስማምተናል" አሉ እንደገና። ይርጋለምን አላዩትም።

ወደ ኃይለ ጊዮርጊስ ብቻውን ተመለሰ። እንቢ እንዳሉ ነገረው። ኃይለ ጊዮርጊስ እስኪርቢቶውን ጠረጴዛው ላይ ወረወረ፤ ብዙም የተገረመ አይመስልም። "እንግዲህ የራሳቸው ጉዳይ ነው። አንተ ግን ዛሬ ማንበብህ አይቀርም፤ እንዲያውም ዛሬ ካላነበብክ ሰው ሌላ ነገር ያስባል። የከተማው ሰው እንዴት እንደሚያይህ ሳታውቅ አትቀርም። ከእኛ ሌላ መጠጊያ የለህም፣ ይርጋለም። ገባህ?" ይርጋለም ብዙ ነገር ሊለው ይችል ነበር። አያ ወልደ ሰንበት ፊት የወደቀበት አፈር ጉልበቱ ላይ ነው። ግን እንደ ወትሮው "እሺ" አለ፤ ራሱን ዝቅ አድርጎ ወጣ።

ከበሮው መመታት ሲጀምር እሱ የጭነት መኪናዎች የሚቆሙበት ቦታ ደርሷል። አመተ ሥላሴ ወደ ሞጣ የሚመለስ ጨው የጫነ መኪና አግኝታ ከረዳቱ ጋር ዋጋ ስትከራከር ነበር። ከገበያው በኩል ሰው ሲተራመስ፣ ከበሮው ሲያይል፣ አንዱ የማኅበሩ ልጅ "ይርጋለም! ይርጋለም የታል?" እያለ ሲጣራ ይሰማል። ካኪው ከሩቅ ያስታውቃል። ያደፈውን የአያ ወልደ ሰንበትን ጋቢ ከእጇ ተቀብሎ ደረበው፣ እስከ አገጩ ተሸፈነ፤ የበቅሎና የጭስ ሽታ አለው። የጨው ከረጢቶቹ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፤ መኪናው ተነቃነቀ። የተጠራበትን ስም መታጠፊያው እስኪሰውረው ድረስ ሰማ።

"ይጣሩሃል" አለች አመተ ሥላሴ።

"ይጣሩ።"

እጁን ያዘችው። ሥራውን ትቶ፣ ትልቅ ሰው መሆኑን ትቶ ለእሷ በሬ ሊጠምድ የመጣ መስሏታል። "አምላክ እንዲህ አድርጎ ሰጠኝ" አለች። "አንዱን ወስዶ አንዱን ሰጠኝ። አንተ ባትኖር ዛሬ በየት በኩል እመለስ ነበር?" መኪናው ሲዘል እሷም ትዘላለች፣ እጁን ግን አትለቅም። መዳፏ ሸካራ ነው። ይርጋለም የመንገዱን አቧራ ያያል። እንዳትነግራት ተብሏል፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ቀላሉ ትእዛዝ መስሎት ነበር።

ከደብረ ወርቅ አልፈው፣ የመርጡለ ማርያም መንገድ የሚገነጠልበት ሲደርሱ ሞተሩ ጋለና መኪናው ቆመ። ረዳቱ ውሃ ፍለጋ ወረደ፤ ተሳፋሪውም እግሩን ሊያፍታታ ወረደ፤ ሁለት የጨው ነጋዴዎች፣ አንድ አሮጌ ቄስ፣ እነሱ ሁለቱ። ቤተ ክርስቲያኗ ከዚያ አትታይም፤ አገሬው ግን በየት በኩል እንደሆነች ያውቃል። አመተ ሥላሴ ነጠላዋን አደግድጋ ወደዚያ ዞረች፤ ተንበርክካ መሬት ሳመች፤ ተነሥታ እጇን ዘረጋች። መጀመሪያ ለባሏ ለመነች፤ ብረቱን ከእግሩ ፍቺልኝ አለች። ለይርጋለም ለመነች፤ ዕድሜ ስጪልኝ አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

"ባሌን ያሳበቀበትን" አለች፣ "እሱን ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። እኔ አላውቀውም፣ አንቺ ታውቂዋለሽ። የዘራው አይብቀልለት። የወለደው አይደግለት። ቤቴን እንዳጎደለ ቤቱ ይጉደል። ቁራሹ ጉሮሮው ላይ ይቁም። የሚቀብረው ይጣ።"

"አሜን" አሉ ነጋዴዎቹ። ቄሱ "እሱ ይፍረድ" አሉ በለሆሳስ።

ወደ ይርጋለም ዞር አለች። "አሜን በል።"

አፉን ከፈተ። ያ ገበያ ሙሉ ሰው የሚያዳርስ ድምፁ አልወጣም።

"በል እንጂ" አለች። ገና አልጠረጠረችም፤ ያልሰማት መስሏታል። "አሜን በል፣ ልጄ።"

አየችው። እሱ ዓይኑን ሊሰብር ፈልጎ አልቻለም። ውሸት አልተናገረም፤ እውነትም አልተናገረም፤ ቆሞ ብቻ አያት። መጀመሪያ ግንባሯ ተኮሳተረ፣ እንደሚያስታውስ ሰው። ሽማግሌው ፊታቸውን ሲያዞሩ፣ ከረባት ያሰረው ሰውዬ "ትልቅ ውለታ ውሏል" ሲል፣ ባሏ አንዴ እንኳ ልጁን ቀና ብሎ ሳያየው "ተስማምተናል" ሲል፣ ሁሉም አንድ በአንድ እየመጣ ፊቷ ላይ ሲያልፍ ይርጋለም ቆሞ ተመለከተው። የተዘረጉት እጆቿ ቀስ ብለው ወረዱ።

"እህ" አለች። 

ቀረብ ብላ ጋቢውን ከትከሻው አነሣችው። አልነጠቀችውም፤ አንድ ሰው ከተኛ ልጅ ላይ ልብስ እንደሚያነሣ አድርጋ ነው ያነሣችው። አጣጥፋ ደረቷ ላይ ያዘችው። እሱ በካኪው ከነጥብጣቡ መንገድ መሐል ቆሞ ቀረ፤ ነጋዴዎቹ አይተውት እርስ በርሳቸው ተያዩ። መኪናው ተነሥቶ ሲሳፈሩ ሊደግፋት እጁን ዘረጋላት፤ የመኪናውን ብረት ይዛ ብቻዋን ወጣች። ከሹፌሩ ክፍል ኋላ፣ ከፊት በኩል ሄዳ ተቀመጠች፤ ጀርባዋን ሰጠችው። እሱ ከኋላ፣ ጨዉ ላይ።  አንድ ጊዜ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየ፤ ያለቀሰች መስሎት ነበር፤ መንገዱም ሊሆን ይችላል።

ሞጣ የደረሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። እሷ ከፊት፣ እሱ አሥር እርምጃ ያህል ከኋላ ሆነው መንደሩን አቋረጡ። የጎረቤታቸው የፋንታ ሚስት ከደጃፏ ቆማ አየቻቸው።

"አስፈታሽው ወይ?"

"አላስፈታሁትም" አለች አመተ ሥላሴ። "ማርቆስ ይወርዳል አሉ።"

"እህህ… ይርጋለም ግን እንኳን መጣልሽ።"

ይርጋለም ቆመ። አሁን ትናገራለች ብሎ ጠበቀ፤ እንድትናገርም ፈለገ። አንዴ ከተነገረ፣ አንዴ ከተረገመ፣ አንዴ በድንጋይ ከተባረረ ቀላል ይሆን ነበር።

"አዎ" አለች። "ሊያርስልኝ ነው የመጣ።" ብላ መንገዷን ቀጠለች።

በረቱ ውስጥ ሁለቱ በሬዎች ተኝተው ያመነዥካሉ። ይርጋለም እንደ እንግዳ ደጃፉ ላይ፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ከቢቸና በመጣ ቁጥር፣ ጎረምሳ ከሆነም በኋላ፣ እግሩን የምታጥበው እሷ ነበረች፤ እያጠበች ነው የመንደሩን ወሬ ሁሉ የምታወራው፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የማን ላም እንደወለደች። ውስጥ ውሃ ሲቀዳ ሰማ። በገበቴ ውሃ ይዛ ወጣች፤ እግሩ ሥር አስቀመጠችው። ጎንበስ ትል እንደሆነ ጠበቀ። እሷ ግን ቀና ብላ ቆማ፣ የሚገመሰውን የላይኛውን ማሳ ጥቂት አየች፤ ከዚያም ዞራ ወደ ቤት ገባች። ግባ አላለችውም። በሩንም አልዘጋችም።

ይርጋለም ጎንበስ ብሎ እግሩን ራሱ ታጠበ።